የበርትሊ ጋፍኒ ባዶ ወንበሮች

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለች አክስት ዲሊያ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ዊኒ ቀና ብላ በሩን አየች። ጥቀርሻ ጆሮው ድረስ የገባበት ረጅም ሰውዬ ኮፍያውን እያሻሸ ቆሟል።

"ከሰል ሻጩ ነው።"

"ዘመድ ነው?"

"አይደለም። እሁድ እሁድ እኛ ጋ ምሳ ይበላ ነበር። አባዬ ነው ከመንገድ የጠራው።"

"እሺ ያኛውስ? ጥጉ ላይ እንደ ጃንጥላ የተገተረው?"

"እሱ ኖርዌያዊ ነው፤ የድሮ መርከበኛ። የኛን ቋንቋ አያውቅም። 'ሻይ' ብቻ ነው የሚችለው።"

"ስሙስ?"

"ማን ያውቃል? አባዬ 'ካፒቴን' ይለው ነበር።"

"የፈጣሪ ያለህ!" አለች አክስት ዲሊያ አሁን ድምጿ ትንሽ ወጣ ብሎ። "ወንድሜ ሞቶ የሚያለቅስለት ከሰል ሻጭና ኖርዌያዊ ነው? በዚህ ሰፈር አንድ ጎረቤት የሚባል ሰው የለም?"

ጥያቄው ልክ እሱ ነበር።

አባቷ በርትሊ ጋፍኒ የፊት ለፊቱ ክፍል መሃል የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ጣቶቹ ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሟል። እንደ ለቅሶ ቤት ወግ መስተዋቱ በአንሶላ ተሸፍኗል፣ ሰዓቱን እናቷ ሃና ነፍሱ እንደወጣች በእጇ አቁማዋለች፣ መጋረጃው ወርዷል። የአሳማው ሥጋ በስሱ ተቆርጦ ቀርቧል፣ ለአጫሾች ትምባሆ በሳህን ተቀምጧል፣ ሻዩ ፈልቷል። ምንም አልጎደለም። ከቤተክርስቲያን አዳራሽ የተዋሷቸው ወንበሮችና ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ባዷቸውን።

ሊቨርፑል ውስጥ፣ ያውም ስፓሮው መንገድ ላይ፣ ሰው ሲሞት እንዲህ አይሆንም እኮ። ያ ሕፃን በዱላ የሚያሳድደው፣ ከሚስቱ ጀምሮ እስከ ቄሱ ሁሉን የሚሳደበው ሽማግሌው ሃገርቲ እንኳን ሲሞት ሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰልፉ ማዕዘኑ ጋ ደርሶ ነበር። በርትሊ ግን በሕይወቱ ዱላ አንስቶ አያውቅም። የሱ ጥፋት ሌላ ነው። ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ይሠራባት የነበረችው ኦርሲና የምትባል መርከብ የሰጠመች ጊዜ እሱ ተረፈ፣ የሰፈሩ ወንዶች ግን አልተረፉም። ኧረ መትረፉስ ይሁን። ለንደን ሄዶ ዳኛ ፊት የተናገረው ነገር ነው ይቅር ያልተባለለት።

ዊኒን ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ደግሞ ወንበሮቹ ናቸው። አባቷ በዓለም ላይ የማይችለው ነገር ቢኖር ባዶ ወንበር ነበር።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ትራም ላይ ተሳፍሮ ባዶ ቦታ ካየ በቃ፣ አለቀ። ደረጃው ላይ ይወጣና በእግሩ የሚሄደውን ሰው ሁሉ ይጣራል። "ቦታ አለ! ኧረ ግቡ! እመቤት፣ ቦታ አለ እኮ!" ይላል። ሴትየዋ የምትሄደው በተቃራኒው ነው፣ እሱ ምን ቸገረው። ትኬት ቆራጩ ሁለቴ አስወርዶታል። ቅዳሴ ላይ በገዛ እጁ ሰው እያጠጋ ከኋላ የቆሙትን ፊት ያስቀምጣል፤ ቄሱ አባ ላፍራን ስብከት አቋርጠው "ጋፍኒ፣ ተቀመጥ!" ያሉት ቀን ዊኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

እሁድ ደግሞ የቤቱ ወንበር አምስት ነው፣ እነሱ ሦስት ናቸው። ስለዚህ ሾርባው ሊቀርብ ሲል አባቷ ወደ ውጪ ይወጣና ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ቢላ የሚስል፣ ከሰል የሚሸጥ፣ መንገድ የጠፋበት።

"በርትሊ፣ ይሄ ቤት ነው እንጂ የባቡር ጣቢያ አይደለም!" ትላለች እናቷ።

"ወንበሩ ባዶ ነው ሃና" ይላል እሱ። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። እናቷ እያጉረመረመች ድንች ትጨምራለች።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ዙሪያውን ባዶ ወንበር ከቦታል። ነገ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ይቀበራል። ዊኒ "እንዲህ ሆኖ ከሄደ እኔ ይሄን ሰፈር ይቅር አልለውም" ብላ ለራሷ ቃል ገባች። እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነክሳ ለካፒቴኑ ሌላ ሻይ ቀዳች።

* * *

አባቷ ለንደን ሄዶ ስለ መርከቧ መስጠም ሲመሰክር ዊኒ አብራው ነበረች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ታማ ስለነበር የሚይዛት ጠፍቶ ነው የወሰዳት። ትልቅ አዳራሽ ነበር። ግድግዳው ላይ የመርከቧ ሥዕል ከነመስኮቶቿ ተሰቅሏል። ዊኒ "ቆንጆ መርከብ ነች" ብላ አሰበች።

ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ አንድ ጓንት ያደረገ የመርከብ ኩባንያው ሰውዬ መጣና ጎንበስ ብሎ ለዊኒ ከረሜላ ሰጣት። ከዚያ ለአባቷ በለሆሳስ "ጋፍኒ፣ ጀልባዋ ሞልታ ነበር ብትል ማንም አይጎዳም" አለው። "ለሟቾቹ ሚስቶችም እኮ ይሻላቸዋል። አስብበት።"

አባቷ የዊኒን እጅ ይዞ ገባ። የሰውየው ነገር ክፋቱ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። በእርግጥ ይሻላቸው ነበር።

የኩባንያው ጠበቃ ብዙ ተናገረ። መርከቧ ሕግ ከሚጠይቀው የበለጠ የነፍስ አድን ጀልባ ነበራት አለ። ሕጉ ደግሞ የጀልባውን ብዛት የሚወስነው በመርከቧ ክብደት ነው፤ በተሳፋሪው ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ለግማሹ ሰው እንኳን የማይበቃ ጀልባ ይዞ መጓዝ ሕጋዊ ነው። ጠበቃው ይሄን ሲል እንደ ጥሩ ዜና ነበር የተናገረው።

ከዚያ ዳኛው በርትሊን ጠየቁት። "አንተ የነበርክባት ጀልባ ስንት ሰው ትይዛለች?"

"ስልሳ፣ ጌታዬ።"

"ስትወርድ ስንት ሰው ነበር?"

"ሃያ ስምንት።"

ዊኒ ከረሜላዋን መምጠጥ አቆመች።

"ለምን?" አሉ ዳኛው።

"ሰው እምቢ አለ ጌታዬ። መርከቧ ገና ቀጥ ብላ ቆማለች፣ መብራቱ በርቷል፣ ውስጡ ይሞቃል። ጀልባዋ ደግሞ ጨለማ ላይ ተንጠልጥላለች። 'ቦታ አለ፣ ግቡ' ስላቸው ሳቁብኝ። መኮንኑ ደግሞ ገመዱ ብዙ ሰው አይችልም ብሎ ፈራ። ሞልታም ትችል እንደነበር ለሱም ለኛም የነገረን የለም። ከመርከቧ ጎን ከታች ባለው በር ሰው እንሞላባታለን ተብሎ ወረድን። በሩ አልተከፈተም።"

"ከመውረዳችሁ በፊት የምታውቀው ሰው አይተሃል?"

ዊኒ የአባቷን ጀርባ ብቻ ነው የምታየው፤ የኮቱ ስፌት ትከሻው ላይ ሲላቀቅ ይታያታል።

"ፍራንክ ስካሊን አይቻለሁ። ከታች እሳት ማንደጃው ጋ ነበር የሚሠራው። ጎረቤቴ ነው። ካለሁበት እስከ እርስዎ ጠረጴዛ ያህል ብቻ ነበር የሚርቀኝ። 'ፍራንክ፣ ና፣ ቦታ አለ' አልኩት። ካርዱን አወጣና አየ። እያንዳንዳችን የጀልባ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አለን። 'የኔ አሥራ አንድ ቁጥር ናት በርትሊ፣ ይቺ አይደለችም' አለኝና አሥራ አንድን ሊፈልግ ሄደ። አሥራ አንድ ከሄደች ቆይታ ነበር። አንድ ቀን እንኳን አለማምደውን ስለማያውቁ እሱ በምን ያውቃል? ትእዛዝ ማክበሩ ነው።"

በማግሥቱ የተናገረው ሁሉ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አባትና ልጅ ለንደን እያሉ ጋዜጣው በባቡር ቀድሟቸው ስፓሮው መንገድ ደረሰ። ሲመለሱ ወይዘሮ ስካሊ፣ የፍራንክ ሚስት፣ በሯ ላይ ቆማ ነበር። በርትሊ ኮፍያውን አነሳላት። በሩን በላዩ ላይ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደተዘጋ ነው። በሰፈሩ ባሏን ያጣች ሴት ሁሉ እሷን ነው የምታየው፤ እሷ የዘጋችውን ማን ይከፍታል?

ኩባንያውም ቢሆን ዳግመኛ አልቀጠረውም። ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ኖረ። ከኦርሲናና እንደሷ ከሰጠሙ ሌሎች መርከቦች በኋላ ግን ሕጉ ተቀየረ። ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ መቀመጫ ይኑር ተባለ፤ በየጉዞውም ልምምድ። በርትሊ ይሄን የሰማ ቀን ወጥቶ አንድ አኮርዲዮን የሚጫወት ዓይነ ስውር ይዞ መጣ፤ እሁድ እንኳን አልነበረም።

* * *

ምሳ ሰዓት አለፍ ሲል የጓሮው በር ተንኳኳ። ዊኒ ስትከፍት ኮን ስካሊ ነው፤ የወይዘሮ ስካሊ ልጅ። እንደ አባቱ መርከበኛ ነው፣ ትከሻው በሩን ይሞላል። አሁን ግን እንደ ሌባ ወደ ኋላው ይገላመጣል።

"እማዬ እንዳታየኝ" አለ።

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ልሰናበተው ነዋ። አታስገቢኝም?"

አስገባችው። ሳጥኑ ጋ ተንበረከከ፣ ጸለየ፣ ተነሳ፣ ግን አልሄደም። ካፒቴኑ ሻይ አቀበለው። ኮን ስኒውን ይዞ ቆሞ ድንገት "ዊኒ፣ ባለፈው ክረምት መርከባችን ጉም ውስጥ ከሌላ መርከብ ጋር የተጋጨች ጊዜ የሆነውን ታውቂያለሽ?" አለ።

"ሁላችሁም ተረፋችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናትህ ሻማ አብርታለች።"

"እሱን አይደለም። ካርዴ ላይ ስድስት ቁጥር ነበር የሚለው። ስድስት ያለችው በወዲያ በኩል ነው፣ መሃሉ ደግሞ ጭስ በጭስ ነው። ልፈልጋት ዞርኩ እኮ! እግሬ ዞሮ ነበር። ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝ። አሥራ አንድን ሊፈልግ ሲሄድ። ፊቴ ያለችው ሁለት ቁጥር ነበረች፣ ቦታ ነበራት፣ ዘልዬ ተሳፈርኩ።" ስኒውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። "ጋሽ በርትሊ ያን ቀን ባይናገር ኖሮ እኔ በምን አውቅ ነበር? 'ጀልባው ሞልቶ ነው አባትህ የሞተ' እየተባልኩ ነበር የማድገው። ሄጄ ስድስትን ስፈልግ ነበር የምቀረው።"

ዊኒ ወደ ሳጥኑ ዞረች።

"ለሱ ነግረኸዋል?" አለች።

"እንደተመለስኩ መንገድ ላይ አገኘሁት። አየኝና 'የትኛዋ ላይ ተሳፈርክ?' አለኝ። 'ያገኘኋት ላይ' አልኩት። አፍንጫውን ተናፈጠ። ከዚያ 'እሁድ ምሳ ና፣ ወንበር አለ' አለኝ።"

"ለምን አልመጣህም?"

"እማዬን ፈርቼ ነዋ!"

"ይሄ ሁሉ ትከሻ ይዘህ!"

"አንቺ አታውቂያትም።"

"ለሷስ ነግረሃታል?"

"አብደሻል? የኦርሲና ስም ከተነሳ አንድ ሳምንት አታናግረኝም።"

ዊኒ ሽርጧን ፈታች። አክስት ዲሊያ "ወዴት ነው?" ስትላት "ጎረቤት ጋ" አለች። እናቷ ሃና ከወንበሯ ብድግ ልትል ቃጥታ ነበር፤ ዊኒ ግን ወጥታለች።

* * *

ወይዘሮ ስካሊ በሩን የከፈተችው ድንች የምትልጥበትን ቢላ እንደያዘች ነው። አጭር ሴት ነች፣ ግን ስትቆም ሰው ቁመቷን ይረሳዋል። መንገዱ ማዶ ያሉት ሴቶች ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው አፈጠጡ።

"እናትሽ ልካሽ ነው?"

"አይደለም። ብታውቅ ታርደኛለች።"

"ወንበር ፍለጋ ከሆነ የመጣሽው የለኝም።"

"ወንበርስ ሞልቶናል። ሰው ነው ያጣነው።"

የወይዘሮ ስካሊ ዓይን ጠበብ አለ። ዊኒ በሁለቱ ቀን ውስጥ ያጠራቀመችው ስድብ ነበራት፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጥሩ ስድብ ነበር። አሁን ልትጀምረው ስትል ሴትየዋ ቀደመቻት።

"ሞልታ ነበር ቢል ምን ነበረበት?" አለች ቀስ ብላ። "ንገሪኛ። አንድ ቃል። 'ሞልታ ነበር።' ሌላዋ ሴት ባሏ ቦታ አጥቶ ሞተ ብላ አልቅሳ ትተኛለች። እኔ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያቺ ባዶ ቦታ ትታየኛለች። ፍራንክ እዚያ ቆሞ ካርዱን ሲያይ። አንድ እርምጃ ነበር የቀረው እኮ፣ አንድ! አባትሽ ይሄን ነው የሰጠኝ።"

ስድቡ ሁሉ ከዊኒ አፍ ላይ ጠፋ። ለካ ሴትየዋ በሩን የዘጋችው በክፋት አይደለም፤ ያቺ ባዶ ቦታ እንቅልፍ ነስታት ነው። ዊኒ ይሄን ዕድሜዋን ሙሉ አላወቀችም ነበር። አሁን የምታየው ከቢላው ላይ የተንጠለጠለውን የድንች ልጣጭ ብቻ ነው።

"ወይዘሮ ስካሊ" አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ቀጥኖ፣ "ኮን ባለፈው ክረምት የተሳፈረው የትኛዋ ጀልባ ላይ ነው?"

"የራሱ ላይ ነዋ። ምን ማለትሽ ነው?"

"ይጠይቁት።"

"ምኑን ነው የምጠይቀው?"

"ይጠይቁት ብቻ። እኛ ጋ ነው ያለው፤ በጓሮ በር እልከዋለሁ።"

እቤት ገብታ ኮንን "ሂድ፣ እናትህ ትፈልግሃለች" ስትለው ፊቱ እንደ አንሶላው ነጣ።

የስፓሮው መንገድ ግድግዳ ስስ ነው፤ ወዲያ ቤት ሰው ቢያስነጥስ ወዲህ ይማርህ ይባላል። ሁሉም ዝም ብለው አዳመጡ። ከሰል ሻጩ ሳይቀር። መጀመሪያ የኮን ድምፅ ረጅም ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ወንበር ወለል ላይ ሲንፏቀቅ። ከዚያ እንደገና ምንም።

"ምን አድርገሽ ነው?" አለች እናቷ።

"ምንም።"

"ዊኒፍሬድ ጋፍኒ!"

"ጥያቄ ነው የጠየቅኳት።"

እናቷ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ያኔ ነው ከውጪ የሰው በር የሚደበደብበት ድምፅ የመጣው። የነሱ በር አይደለም፤ ከታች ያለው። ቀጥሎ ሌላ በር። ዊኒ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ወይዘሮ ስካሊ ጥቁር ሻርፗን ለብሳ በየቤቱ እየዞረች በቡጢ ታንኳኳለች።

"ምን ትገተራላችሁ?" ትላለች። "ሰውየው ነገ ይቀበራል! እጅሽን ፍቺና ኮትሽን ልበሺ! አንቺም! ሥጋውን ኖርዌያዊው ብቻውን ይጨርሰው እንዴ?"

* * *

መጀመሪያ የገባችው እሷ ነች። ኮን ዓይኑ ቀልቶ ከኋላዋ አለ። ሳጥኑ ጋ ሄዳ በርትሊን ቁልቁል አየችው።

"አንተ ደረቅ" አለችው። "አንተ ግትር ሰውዬ።" ከዚያ እጇን ዘርግታ የተጠማዘዘውን የኮቱን ኮሌታ አቀናችለት፤ ሰው ለገዛ ወንድሙ እንደሚያደርገው። "ልጄ ተሳፈረ በርትሊ። አንተ ቀድመህ ሰምተሃል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

ወደ ሃና ዞረች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ግድግዳ እየተጋሩ ዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገሩ ሴቶች ምን ይባባላሉ?

"ስኳርሽ አሁንም ሦስት ነው?" አለች ሃና።

"ሦስት ነው።"

ሃና ሻዩን ቀዳች። ስትቀዳ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ሰፈሩ ገባ። ደረጃው ሞላ፣ ወንበሩ ሞላ፣ ኩሽናው ሞላ። ትምባሆው ሳህን ላይ አልቆየም። አክስት ዲሊያ "ቂጣው! ቂጣው አለቀ!" እያለች በደስታ ታለቅሳለች። አንዷ የትራሙን ነገር አነሳች፤ "እኔን አንድ ቀን ያለፍላጎቴ አሳፍሮ ወደብ አድርሶኛል እኮ!" አለች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አባ ላፍራን ራሳቸው ስብከታቸውን ስላቋረጡበት ቀን አወሩ፤ ያኔ እንደተናደዱ፣ በሚቀጥለው እሁድ ግን አግዳሚዎቹ ከመቼውም ይልቅ ሞልተው እንዳገኟቸው። ሃና እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ዊኒ እናቷ ስትስቅ መቼ እንዳየች ትዝ አይላትም።

መቁጠሪያው ሊጸለይ ሲል ሁሉም ተቀመጠ። ዊኒና ወይዘሮ ስካሊ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ያኔ ካፒቴኑ ከጓሮ የከሰል ባልዲ ተሸክሞ ገባ። ባልዲውን አስቀምጦ የሚቀመጥበት ፈለገ። በቃ፣ የለም። ወደ በሩ አፈግፍጎ ኮፍያውን እጁ ላይ ማዞር ጀመረ።

ዊኒ ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች። አባቷ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እንኳን የሚጠብቀው እሱን ነው። አፏን ከፈተች። ሁለት ቀን የያዘችው ለቅሶ ግን ቃሉን ቀደመው።

ወይዘሮ ስካሊ ዓይኗን ከመቁጠሪያዋ አላነሳችም። ቀሚሷን ብቻ በአንድ እጇ ሰበሰበች፣ ዊኒን በዳሌዋ ገፋ አደረገቻት።

"ጠጋ በይ" አለች። "ቦታ አለ።"

በመዳፏም የተለቀቀውን የአግዳሚ ቦታ መታ መታ አደረገችው። ካፒቴኑ ቃሉን አያውቀውም፤ ግን እሁድ እሁድ ሰምቶታል። መጥቶ ተቀመጠ።